ድንኳኑ የት ይተከል?

አንድ ባለጸጋ ነበረ። ቆይ፣ ስመኝ ልጄ፣ ጥያቄሽን አልዘለልኩትም። «ዩኒቨርሲቲው የከተማና የክልል ፕላን ትምህርት መደበኝ፣ መንገድ በማስመሪያ ለመሳል አምስት ዓመት ምን ያደርጋል፣ ቀኑ ሳያልፍ ትምህርት ክፍል ልቀይር ወይ?» ነው ያልሽኝ። እንግዲያው ስሚ።

ይህ ባለጸጋ በሰፊ መሬቱ ላይ ከተማ ልቆርቁር ብሎ ተነሣ። ማንንም ሳይጠይቅ ገመድ ወጥሮ በአንድ ቀን ሸነሸነው። መንገዱ ከመቅናቱ የተነሣ በአንዱ ጫፍ ያስነጠሰ ሰው ከሌላው ጫፍ «ይማርህ» ይባል ነበር። ባዶ ቦታ እንደ ቁንጫ ነበር የሚበላው። ስለዚህ ቤቶቹን ግድግዳ ለግድግዳ አጣበቃቸው፤ ድመት እንኳ በመካከላቸው ለማለፍ ሁለት ቀን ትጾም ነበር። የራሱን ትልቅ ቤት ከመሃል አቆመና «ስንዝር መሬት አልባከነም» እያለ ሲኮራ፣ የአንዲት ልጁ ሰርግ ደረሰ። ጎረቤቶቹ የእድሩን ድንኳን ተሸክመው መጡ።

«ጌታው፣ የት እንትከለው?» አሉት።

«መንገዱ ላይ ነዋ።»

«መንገዱ የሚያሳልፈው አንድ የተጫነ አህያ ነው፤ እሱም ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ።»

ምሰሶውን ተሸክመው ከተማውን ሰባት ጊዜ ዞሩት። ቦታ የለም። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ከከተማው ዳር ቆሞ ሲጠብቅ ጢሙ እስከ ቀበቶው ወረደ። በመጨረሻ ሽማግሌዎች መጡና፣ «የሙሽራው አባት ‹ዘመዶቼን የማስቀምጥበት ድንኳን ከሌለ ልጄን ይዤ እመለሳለሁ› ብለዋል» አሉት። ሙሽራይቱ ቬሏን እንዳደረገች በመስኮት አባቷን ታየው ነበር።

ባለጸጋው ዶማ አነሣና የገዛ ሳሎኑን ግድግዳ መታው። ጎረቤቶቹም አገዙት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ያ ትልቅ ቤቱ ፈርሶ ተጠርጎ፣ በቦታው ድንኳኑ ቆመ። ሰዉ እንዲያ ሲጨፍር ምድሪቱ አንድ ክንድ ዝቅ አለች ይባላል። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቦታ ቤት የሠራ የለም፤ ሰርጉም ለቅሶውም እዚያው ሆነ። ባለጸጋውም ከከተማው ዳር ሁለት ክፍል ተከራይቶ ኖረ፤ ድንኳን በተተከለ ቁጥር ቀድሞ የሚቀመጠው እሱ ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ መስመር መሳሉማ አንቺ እንዳልሽው የአንድ ቀን ሥራ ነው። አምስት ዓመቱ ገመዱን ከመወጠርሽ በፊት «ስትደሰቱና ስታዝኑ የት ትሰበሰባላችሁ?» ብሎ ሰው መጠየቅ እስክትለምጂ ነው። ሰውዬው በዶማ የተማረውን አንቺ ወረቀት ላይ በላጲስ ትማሪዋለሽ። መቀየሪያ ፎርሙን ሳትሞዪ መልሺው። ተመርቀሽ ለሰርግሽ ድንኳን ቦታ ስትለኪም እኔን አትርሺ፤ የሁለት ሰው መቀመጫ ነው የምይዘው።