ጀርባውን ለዳኛ የሰጠው አህያ

አንድ ጊዜ፣ «ፊትህ የማይታይበትን ውሃ አትጠጣ» እያለ አባቱ ጠዋት ማታ ሲነግረው ያደገ አንድ አህያ ነበር። አባትየው ሌላ ምክር አልነበረውም። ስለ ጭነትም ስለ ዱላም ምንም ሳይለው፣ ይቺን ብቻ ደጋግሞ ነግሮት ሞተ። አህያውም ምክሩን እንደ ጾም ጠበቃት። ውሃ ከደፈረሰ፣ ጉሮሮው እንደ ከረመ ቆዳ ቢደርቅ እንኳ አፉን አያስጠጋም።

የሚኖርበት አገር ግን አንድ ምንጭ ብቻ ነበረው። በላይ ሜዳ ያሉት እንስሳት ምንጩ የእኛ ነው ይላሉ፤ በታች ገደል ያሉት ዝንጀሮዎችም የእኛ ነው ይላሉ። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረና ምንጩ ገበቴ አከለ። ቀድሞ የደረሰ ንጹሑን ይጠጣል፤ ኋላ የመጣ ጭቃ ይልሳል። ዝንጀሮዎቹ ደግሞ ማልደው ይነሣሉ፣ ጠጥተው ሲያበቁም እግራቸውን እዚያው ይታጠባሉ። ስለዚህ አህያው የቅጠል ጤዛ እየላሰ ሰነበተ። ጎኑ ገብቶ የጎድን አጥንቱ ይቆጠር ጀመር።

ጥሉ ሲበዛ ነገሩ አንበሳ ዘንድ ቀረበ። አንበሳ የሁለቱን ወገን ክርክር ሲሰማ ዋለና ሰለቸው። በዚያ ሰሞን ዓለምን ስትዞር የከረመች ሽመላ አጠገቡ ነበረች፤ አውስትራሊያ በሚባል አገር ስላየችው የኳስ ጨዋታ አጫወተችው። ኳሱ ክብ አይደለም፣ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። በእግር ይመታል፣ በቡጢም ይመታል፤ መወርወር ግን ክልክል ነው። በየወገኑ አሥራ ስምንት ተጫዋች ይሰለፋል፣ ጨዋታውም አራት ክፍለ ጊዜ አለው። በሜዳው በዚህ ጫፍና በዚያ ጫፍ አራት አራት እንጨት ይቆማል። በሁለቱ ረጃጅም እንጨቶች መካከል ያገባ ስድስት ነጥብ ያገኛል፤ በረጅሙና በአጭሩ መካከል ያገባ አንድ። ተሳስቶ በገዛ እንጨቱ ውስጥ የከተተ ደግሞ፣ በየትም በኩል ይግባ፣ ለባላጋራው አንድ ነጥብ ይሰጣል።

አንበሳ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። የዛሬ ሳምንት ተጫወቱ፤ ያሸነፈ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ በየጠዋቱ ቀድሞ ይጠጣል፤ በጨዋታው ቀን ግን ጨዋታው ሳያልቅ ማንም ምንጩ ዘንድ እንዳይደርስ ብሎ ፈረደ። ኳሱን ሽመላዋ ከአንድ ሥፍራ አምጥታ ሰጠች፤ ከቆዳ የተሰፋ ደህና ኳስ ነበር።

በላይ ሜዳ ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ሽማግሌው ከርከሮ ሆነ። እሱ ሣር ሲግጥ እንኳ የፊት ጉልበቱን መሬት አስነክቶ ስለሆነ፣ ሁሉም ጸሎተኛ ነው ብሎ ያከብረዋል። ይጸልይ ወይስ ይብላ፣ እሱን እግዜር ያውቃል።

የመጀመሪያው ቀን በምርቃት አለቀ። በሁለተኛው ቀን ጥያቄው ተነሣ፤ ቀድሞ የሚወሰነው ተሰላፊው ነው ወይስ አጨዋወቱ? እሜቴ ቀበሮ አጨዋወቱ ይቅደም አለች፤ እንዴት እንደምንጫወት ሳናውቅ ማን እንደሚበጀን በምን እናውቃለን? አያ ጅቦ የለም ተሰላፊው ይቅደም አለ፤ ሰው ሳይኖር የሚጫወተው ማን ነው? ሁለቱም እውነት ተናገሩ፤ ክርክሩ ማለቂያ ያጣውም ለዚሁ ነው። በሦስተኛው ቀን ግማሹን ቀን ስለ አጨዋወት፣ ግማሹን ስለ ተሰላፊ እንነጋገር ተባባሉና፣ የትኛው ከምሳ በፊት ይሁን በሚለው ተጣሉ።

ምን ልበላችሁ፣ ያልተነሣ ስም አልነበረም። ቀጭኔ ይግባ ቢባል፣ ዝንጀሮዎቹ በአንገቱ ይወጡበታል ተባለ። ጃርት ይግባ ቢባል፣ ኳሱ ሲያርፍበት ይፈነዳል ተባለ። ኤሊ ለመከላከል ጥሩ ናት፤ ነገር ግን ለቅዳሜ ጨዋታ ቦታዋ ላይ እንድትደርስ ባለፈው ማክሰኞ መነሣት ነበረባት።

በአጨዋወቱም እንደዚያው። ቀበሮ አጭር ቅብብል ነው የሚያዋጣን ባይ ናት። ኳሱ በቡጢ ከጎን ወደ ጎን ይሂድ፣ ሰባት ጊዜ ሳንቀባበል ማንም ወደ ፊት አይምታ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ የእሷ እግር ቀጭን ስለሆነ ኳሱን ከሁለት ክንድ በላይ አያሻግርም። አያ ጅቦ ደግሞ ኳስ መያዝ ነው ዋናው አለ። ተነሥቶም፦

«ኳሱ እኛ ዘንድ ካለ፣ እነሱ ዘንድ የለም» አለ።

ይህ ታላቅ ንግግር ነው ተብሎ ተጨበጨበለት፣ በቃለ ጉባኤም ተያዘ። ለመያዝ ደግሞ የእሱን መንጋጋ የሚያህል ከየት ይመጣል? ኳሱ ከቆዳ መሰፋቱን ከሰማበት ሰዓት ጀምሮ ምራቁ ሲዝረበረብ መሰንበቱን ግን ልብ ያለ አልነበረም።

በአራተኛው ቀን አህያው እድል ለምኖ ቆመ። ኳሱን ከመሃል ሜዳ ተነሥቼ እንጨቱ ድረስ አደርሰዋለሁ አለ። ቀበሮ ሳቀች። ከርከሮው ግን እስቲ ይታይ አለ። አህያው ኳሱን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ዞረ፣ ጀርባውን ለኮሚቴው ሰጠና በሁለት የኋላ እግሩ ረገጠ። ኳሱ ከግራሩ በላይ አለፈ፣ ከሜዳውም አለፈ፤ ሊያመጡት የሄዱት ድኩላዎች የተመለሱት ከምሳ በኋላ ነው።

ከርከሮው ጉሮሮውን ጠረገ። ርግጫው ደግ ነው፤ ነገር ግን ጌታችን አንበሳ በዳኝነት የሚቀመጡት እኛ በምናጠቃበት እንጨት ሥር ነው አለ። ወደዚያ ለመርገጥ መዞር ያስፈልጋል፣ መዞር ደግሞ ነውር ነው።

«ልጄ፣ አንተ ደህና ቤት ያደግህ ነህ» አለው። «ትልቅ ሰው በተቀመጠበት መቀመጫህን ሰጥተህ ልትቆም ነው?»

«አባ፣ ወደ ፊት የሚረግጥ እግር አልፈጠረልኝም» አለ አህያው።

«ሞክረዋ። ልብ ከታዘዘ እግር የት ይሄዳል?»

«ተዉት እንጂ አባ» አለች ቀበሮ። «ለተጫዋቾቹ ውሃ ይሸከም። የለመደው ሥራ ነው።»

ይቺ ንግግር አህያውን ከዱላ በላይ አመመችው። እሱ የማይጠጣውን ውሃ ለሌላ ሊሸከም! ስለዚህ እሺ አለ። በቃለ ጉባኤውም፣ አህያ ይሰለፋል፣ ፊቱ ወደ ዳኛው ሆኖ፣ ተብሎ ተጻፈ። አህያው ብቻውን ሲሆን ጸለየ። አምላኬ ሆይ፣ እኔ አክብሬ ልቁም፣ ኳሱን አንተ አዙርልኝ አለ። እግዜር ግን ለአህያ እግር ሲሰጥ አንዴ አስቦበት ስለሰጠ፣ መልሶ አላሰበበትም።

ቅዳሜ ደረሰ። ዝንጀሮዎቹ ኮሚቴ አልነበራቸውም፤ ቀድመው የነቁት አሥራ ስምንቱ መጡ። አንበሳ እንጨቱ ሥር ተጋደመ። ሽመላዋ በመንቁሯ አጨብጭባ ጨዋታውን አስጀመረች፤ ነጥቡንም በጠጠር የምትቆጥረው እሷው ናት።

የዝንጀሮዎቹ ዝላይ ያስደንቅ ነበር። ልክ በአውስትራሊያ እንደሚደረገው ከተጋጣሚ ጀርባ ላይ ተንጠልጥለው ኳሱን ከአየር ይቀልባሉ። ክፋቱ፣ ጀርባ ላይ ከወጡ በኋላ ቅማል ያያሉ። ቅማል ያየ ዝንጀሮ ደግሞ ኳስ ትዝ አይለውም፤ እዚያው ቁጭ ብሎ መልቀም ይጀምራል። አያ ጅቦ ላይ የወጡት ብቻ ጀርባው ቁልቁለት ስለሆነ እየተንሸራተቱ ይወርዱ ነበር። ስለዚህ ዝንጀሮዎቹ በራሳቸው እግር አንድም ነጥብ አላገቡም።

ላይ ሜዳዎችም አላገቡም። ቀበሮ ለድኩላ፣ ድኩላ ለከርከሮ፣ ከርከሮ ለቀበሮ ሲቀባበሉ ቆይተው፣ በአምስተኛው ቅብብል ኳሱ አያ ጅቦ ዘንድ ይደርሳል። አያ ጅቦ በአፉ ይይዘዋል፣ ይተኛበታል፣ ስፌቱን ይልሳል። ሽመላዋ ታጨበጭባለች፤ ኳስ ይዞ መተኛት ክልክል ነውና ለዝንጀሮዎቹ ይሰጣል። ዝንጀሮው ዘሎ ይመታል፣ ኳሱ መሃል ሜዳ አህያው ዘንድ ይመጣል። አህያው ፊቱን ወደ አንበሳ ያዞራል፣ አንገቱን ደፍቶ እጅ ይነሣል፣ ከዚያ ይረግጣል። ኳሱ ወደ ኋላ በርሮ በገዛ እንጨታቸው ውስጥ ያልፋል። ሽመላዋ በዝንጀሮዎቹ በኩል አንድ ጠጠር ታኖራለች።

ይህ ነገር አሥራ አንድ ጊዜ ተደገመ። ከአራቱ ክፍለ ጊዜ ሦስቱ ሲያልቅ፣ ዝንጀሮዎቹ አሥራ አንድ፣ ላይ ሜዳ ባዶ። ኮሚቴው ግን አልተከፋም። እንዲያውም ከርከሮው አቋቋሙ እንዴት ያምራል፣ ወላጆቹ ይባረኩ እያለ አህያውን ሲያመሰግን ነበር። አህያው ምስጋናውን ሲሰማ እንባው መጣ። ነገ ጠዋት የሚጠብቀውን ጭቃ እያሰበ ነው።

በእረፍቱ ጊዜ ጨው የጫነ አንድ ግመል ወደ ሜዳው ዳር መጣ። መንገደኛ ነው፣ ማንም አያውቀውም። ሊጠጣ ቢሄድ ጨዋታው ሳያልቅ አይቻልም ብለው መልሰውታል። አህያውን ቁልቁል አየውና፦

«ወንድሜ፣ ለየትኛው ወገን ነው የምትጫወተው?» አለው።

«ለላይ ሜዳ።»

«እነዚያ አሥራ አንድ ጠጠሮች ግን ያንተ ናቸው አይደል?»

አህያው አፍሮ የኮሚቴውን ውሳኔ ነገረው፤ ለጌታችን ጀርባ አይሰጥም አለ። ግመሉ እያመነዠከ ወደ እንጨቱ ተመለከተ።

«ጌታችሁ እኮ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ ተኝተዋል» አለ።

አህያው እስከዚያች ሰዓት አንገቱን ሳይደፋ አንበሳን አይቶ አያውቅም ነበር። አሁን ቀና ብሎ አየ። አንበሳ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ምላሱ ወደ ጎን ወጥቷል፣ አፍንጫው ላይ ዝንብ ወዲህ ወዲያ ትላለች።

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የሚያልቀው የግራሩ ጥላ ከትልቁ ድንጋይ ሲደርስ ነው ተባለ። ኳሱ እንደ ልማዱ አህያው ዘንድ መጣ። አንበሳ ቢነቃስ? ጌታዬ፣ ይቅር ይበሉኝ ብሎ ቀስ አድርጎ አጉተመተመና ዞረ። ሜዳው በሙሉ አጉረመረመ። ከርከሮው ጉልበቱን አስነክቶ ፊቱን ሣር ውስጥ ቀበረ። አህያው ረገጠ፤ ኳሱ በሁለቱ ረጃጅም እንጨቶች መካከል፣ ከአንበሳው ጎፈር አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ አለፈ። ሽመላዋ ስድስት ጠጠር አኖረች። አንበሳ ዝንቧን እፍ ብሎ ተገላበጠ።

አምስት ነጥብ ቀረ። ጥላው ከድንጋዩ ሊደርስ ሁለት ክንድ ነው። ኳሱ ሲመለስ ቀበሮ ቀድማ አነሣችው፤ አሠራራችንን ማፍረስ የለብንም፣ ሰባት ጊዜ እንቀባበል አለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ሄዱ። በስድስተኛው አያ ጅቦ ዘንድ ደረሰና ተኛበት። ስፌቱ መፈታት ጀምሮ ነበር። ግማሹን ኳስ ጎርሶ ዐይኑን ጨፈነ።

«አያ ጅቦ፣ ኳሱን ልቀቅ» አለ አህያው።

«እየያዝሁ ነው» አለ አያ ጅቦ፣ አፉ እንደ ሞላ።

ጥላው አንድ ስንዝር ቀረው። ሽመላዋ ልታጨበጭብ መንቁሯን ከፈተች። አህያው ዞሮ ጀርባውን ለአንበሳም፣ ለኮሚቴውም፣ ለአያ ጅቦም ሰጠና ከአፍ የተረፈውን የኳስ ግማሽ አነጣጥሮ ረገጠው። ኳሱ ከመንጋጋው ተፈልቅቆ ከሁለት የጅብ ጥርስ ጋር በረረ፣ በመሃለኞቹ ረጃጅም እንጨቶች መካከል ገባ፣ አንበሳው ሆድ ላይ አረፈ። ጥርስ አብሮ ቢገባ ነጥቡ ይያዛል ወይ ተብላ ብትጠየቅ፣ ሽመላዋ ሕጉ ስለ ጥርስ ዝም ይላል ብላ ስድስት ጠጠር ጨመረች። አሥራ ሁለት ለአሥራ አንድ።

አንበሳ ነቅቶ ማን አሸነፈ አለ። ላይ ሜዳ አሉት። ደግ፣ ብሎ ተመልሶ ተኛ።

በማግስቱ ማለዳ አህያው ከሁሉ በፊት ምንጩ ዘንድ ወረደ። ውሃው እንደ መስተዋት ነበር። ግመሉም ትናንት በሰው ብዛት ስላልደረሰው እዚያው አድሮ ከአህያው ጎን ቆሞ ይጠጣል። አህያው ገና ሁለት ጉንጭ እንደ ተጎነጨ እሜቴ ቀበሮ መጣችና ኮሚቴው ትናንት ማምሻውን ተሰብስቦ የደረሰበትን ውሳኔ ነገረችው። ድሉ የተገኘው በአጭር ቅብብልና ኳስ በመያዝ ነው። አያ ጅቦ ለአገሩ ሁለት ጥርስ ስለከፈለ የሚቀጥለው ጊዜ አምበል ይሆናል። አህያ ግን ዳኛ ባለበት ጀርባውን በመስጠቱ ለሚመጣው ጨዋታ አይሰለፍም።

«በሙሉ ድምፅ ነው» አለችው። «አንተም ብትኖር እጅህን ታወጣ ነበር።»

አህያው ውሃው ከከንፈሩ እየተንጠባጠበ ከምንጩ ቀና አለ። ሮጦ ከርከሮው እግር ላይ ሊወድቅ፣ ከዛሬ ጀምሮ ፊቴን ሰጥቼ እረግጣለሁ ሊል ፊቱን ወደ ዳገቱ መለሰ።

ከዚህ የምንማረው፣ ጨው የጫነው መንገደኛ ያን ጊዜ አንገቱን ከውሃው ቀና አድርጎ፣ አህያውን ከመንገዱ መልሶ የነገረውን ነው፦ «ወንድሜ፣ የሚረግጠው ያንተ እግር ከሆነ፣ ፊቴ ወዴት ይዙር ብለህ ኮሚቴ አትጠይቅ፤ አሁን ጠጣ።»