የፈረሰው ድልድይ ተዝካር

አንድ ሰው ነበረ፣ ደብሪቱ ልጄ። ድልድይ ሠሪ ይሉታል፤ በዕድሜው የሠራው ግን አንድ ድልድይ ብቻ ነው። ከመንደሩ በታች ባለው ወንዝ ላይ በወይራ ግንድና በድንጋይ አቁሞት፣ ሰውም ከብትም ለብዙ ክረምት ተሻገረበት።

በአንድ ክፉ ክረምት ጎርፍ መጣና ድልድዩን ጠራርጎ ወሰደው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሞተ ሰው አልነበረም። ሰውየው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ገበያ ቀረ፣ ለቅሶም ቀረ። «ግንዱን አላጠበቀውም እያሉኝ ነው» ይላል ለሚስቱ። ሰዎች በደጁ ሲያልፉ ከሳቁ በእሱ የሳቁ ይመስለዋል። እንዲህ ሆኖ ክረምቱን ከረመ።

ክረምቱ ሲወጣ የመንደሩ ሽማግሌ አንድ ሐሳብ አመጡ። «አዲሱን ድልድይ ከመጀመራችን በፊት የአሮጌውን ተዝካር እናውጣ። ከየቤቱ አንድ አንድ ግጥም ይምጣ። አላውቅም ማለት የለም፣ ሁለት ስንኝ ማንንም አይገድልም። ደብተራው ሁሉንም ባንድ ብራና ይጻፈውና ወንዙ ዳር ይነበባል» አሉ። መንደሩ ተሟሟቀ። አንዱ አራሽማ ስንኙ ቤት አልመታ ቢለው፣ በሬዎቹን ከነቀንበራቸው አቁሞ ሲያስብ ዋለ።

ድልድይ ሠሪው ይህን ሲሰማ ደጁን ዘጋ። የአገራችንን ሰው ታውቂዋለሽ፣ ደብሪቱ፤ ፊት ለፊት የማይናገረውን በግጥም ይናገራል። «በቃ፣ ሊሰድቡኝ ነው። ስድቡም ብራና ላይ ሰፍሮ ለልጅ ልጅ ሊተርፍ ነው» አለ። ግጥሙ በሚነበብበት ቀን መጥረቢያውን፣ መጋዙንና የቤት ዕቃውን አህያ ላይ ጫነ። የአባቱን መሬት ጥሎ ወደማያውቀው አገር ሊሄድ ተነሣ። ሚስቱም እያለቀሰች ተከተለችው።

ከመንደሩ የሚያስወጣው መንገድ ግን አንድ ነው፤ በወንዙ ዳር ያልፋል። ሕዝቡ ተሰብስቦ አገኙት። እስኪበተን ብለው በመንገዱ ዳር ካለ ዋርካ ጀርባ ቆሙ። ደብተራው ማንበብ ጀምሮ ነበርና ሰውየው ሳይወድ ሰማ። ያን ጊዜ የሚነበበው የአንዲት ባልቴት ግጥም ነበር፦

ሙሽራ ሆኜ ሳልፍ በዚያ ድልድይ ላይ፣
አምባሬ ወደቀ ሆነ የወንዝ ሲሳይ።

ቀጥሎ አራሹ፣ አልሻገር ብሎ ያስቸገረውን በሬውን አነሣ። ሌላው አባቱን በቃሬዛ ያሳለፈበትን ቀን፣ ሌላው ደግሞ ከድልድዩ ሥር ያመለጠውን ዓሣ። ሰውየው በየስንኙ ውስጥ ስድቡን ፈለገ፤ የለም። ብራናው አለቀ። ስሙ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም።

እፎይ አለ። ጥቂት ቆይቶ ግን ቅር አለው፦ «እንዴ፣ ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ እንኳ ይጥፋ?» ይህ ሐሳብ ሲመጣበት በራሱ ሳቀ። ከዋርካው ጀርባ ወጥቶ በሕዝቡ መካከል ቆመና «የእኔ ቤት ግጥም ቀርቷል» አለ፦

ድልድዬ ቢፈርስ ስሜ ፈርሶ መስሎኝ፣
ተደብቄ ከረምኩ ማንም ሳይፈልገኝ።

ሰዉ ሳቀ፤ ከሁሉ በላይ ሚስቱ ሳቀች። ሽማግሌው ጭነቱን አይተው «ይህን ሁሉ ጭነህ ወዴት ነው?» ቢሉት፣ «መሣሪያዬን ለአዲሱ ድልድይ ማምጣቴ ነው» አለ።

«ድስቱስ?»

«ለሠራተኛው ወጥ» አለና ማራገፍ ጀመረ። ደብተራውም ግጥሙን በብራናው መጨረሻ ላይ ጻፈው።

እንግዲህ፣ ልጄ፣ «አባ፣ ትዳሬ ፈርሶ በምን ፊቴ ቤተ ክርስቲያን እመጣለሁ?» ብለሽ እኔን የነፍስ አባትሽን ጠየቅሽኝ። ድልድዩ ትዳርሽ ነው፤ ዋርካውም ይህ የተደበቅሽበት ጓዳ። ሰው ያወራል፣ አልዋሽሽም፤ ግን አንድ ሰሞን ነው። ከዚያ ሁሉም ወደ ገዛ በሬውና ወደ ገዛ አምባሩ ይመለሳል። ካላመንሽኝ ልጠይቅሽ። አጥር የምትጋሪያት ወይዘሮ ታንጉት ቤተ ክርስቲያን መምጣት የተወችው መቼ ነው? አየሽ፣ አንቺ ገና ሳትቀሪ ነው የቀረችው፤ መቅረቷንም አላወቅሽም። ምክንያቷን አልነግርሽም። እሷ ግን «ደብሪቱ ምን ትለኝ ይሆን?» ስትል ነው የከረመችው። እሑድ ስትመጪ በደጇ በኩል እለፊና ይዘሻት ነዪ።