የቀበሮዋ ቀይ ክር

አንድ ጊዜ ቦራ የሚባል ቡችላ በሦስት ወሩ ሞተ።

አባቱ ነብሮ የመንደሩ ዶሮዎች ጠባቂ ነበር። ነብር አባርሮ ያውቃል፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ይላል። ያ ሁሉ ጉራ ግን መርፌ ሲያይ ይቀልጥ ነበር። ይህን ከራሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

በዚያ ሰሞን ቡችሎችን በተቅማጥና በትውከት የሚገድል በሽታ በአጎራባች መንደር ገባ። አንበሳ «ውሻ ሁሉ ይከተብ!» ሲል አዘዘ። ሐኪሟ ጉሬዛ ሾላው ሥር ተቀምጣ ትወጋለች፤ ለወጋችው ሁሉ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ታስርለታለች። ክር የሌለው አጥንት ወደሚታደልበት ግቢ አይገባም።

ነብሮ ቦራን ይዞ ተሰለፈ። ከፊታቸው የነበረው ውሻ ሲወጋ «ዋይ!» አለ። የነብሮ ጅራት እግሮቹ መሃል ገባ።

«አባዬ፣ ብርድ ነው እንዴ የሚያንቀጠቅጥህ?» አለ ቦራ።

«ዝም ብለህ ወረፋህን ጠብቅ!»

«እኔ እኮ አልፈራም። እኔ ልቅደምና አንተ እያየኸኝ ትወጋለህ።»

ይህን የሰማች ቀበሮ ከቁጥቋጦው ብቅ አለች።

«ውይ ጋሼ ነብሮ! እርስዎን የሚያህል ጀግና ከዚህ ሁሉ አልቃሻ ጋር ይሰለፋል? እኔ አፈርኩልዎ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ያለ ክር አያስገቡም።»

«የቸገረዎት ክር ነው? ሞልቶኝ!» ሁለት ቀይ ክሮች አወጣች። «ደግሞ መርፌው ድምፅ ያሰልላል አሉ። የማይጮህ ጠባቂ ምን ይረባል?»

ነብሮ ይህ ውሸት መሆኑን አላጣውም። ግን ፍርሃቱን የሚያለብሰው ነገር ስላገኘ ደስ አለው።

«ምን ልስጥሽ?»

«ምንም። ነገ በቀትር በዶሮዎቹ በኩል ሳልፍ ትንሽ እንቅልፍ ይውሰድዎ፤ በቃ።»

ነብሮ አንዱን ክር በራሱ፣ ሌላውን በልጁ አንገት አሰረ።

«አባዬ፣ እኔ እኮ አልተወጋሁም።»

«ተወግተሃል ብዬሃለሁ!»

ቤት ሲደርሱ እናቱ ዳለቻ «አመመው?» ብላ ጠየቀች።

«የማን ልጅ መሰለሽ! ንቅንቅ አላለም» አለ ነብሮ። ቦራ መሬት መሬቱን አየ።

በማግስቱ በቀትር ሁለት ዶሮዎች ጠፉ። ጠባቂው እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

አጥንት በሚታደልበት ግቢ በር ላይ የተሾመው ጅብ ነው። ደመወዙ ትርፍራፊ ስለሆነ ሹመቱን የተሻማው አልነበረም። ከሁለት ሳምንት በኋላ እግሩ የሚብረከረክ ውሻ መጣ። እሱም የቀበሮዋ ደንበኛ ነበር።

«ክር አለህ?» አለ ጅብ።

«አለኝ፤ ግን ያስመልሰኛል ጌታዬ።»

«ክር ካለህ ጤነኛ ነህ! ግባና አጥንትህን ብላ። ካልቻልክ እኔ አለሁልህ።»

ውሻው ገብቶ ግቢው መሃል አስመለሰ። ቡችሎች ሁሉ ቦታውን ሲያሸቱና ሲልሱ ዋሉ። የተከተቡት ምንም አልሆኑም። ቦራ በአምስተኛው ቀን ወደቀ፤ ደም ያስቀምጠው ጀመር።

ዳለቻ ሮጣ ጉሬዛን አመጣች። ጉሬዛ የቡችላውን አንገት ዳሰሰችና ቀና አለች።

«ይህ ቋጠሮ የእኔ አይደለም። እኔ ሁለቴ ነው የምቋጥረው።»

ዳለቻ ወደ ባሏ ዞረች። ነብሮ ጥግ ጥጉን እያየ «አሁን ይውጉታ!» አለ።

«ክትባት ሳይታመሙ ነው ጋሼ ነብሮ። አሁን የቀረን ውሃ ማጠጣትና ማሞቅ ነው።»

ነብሮ እየበረረ ቀበሮ ጋ ሄደ። «ክርሽ ልጄን አላዳነውም!»

ቀበሮዋ ከአፏ ላባ እየጠረገች «ምነው ጋሼ፣ ተበጠሰ እንዴ?» አለች። «ክር ፈለጉ፣ ክር ሰጠሁ። ክትባት ፈልገው ቢሆን ኖሮማ ከሰልፉ ባልወጡ።»

ነብሮ ሊጮህባት አፉን ከፈተ። ድምፅ አልወጣውም፤ ያውም ሳይወጋ።

ቦራ በወደቀ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሞተ። አባቱ ከሾላው ማዶ ጉድጓድ ማሰ፤ ክሩን በጥርሱ በጥሶ ልጁን ባዶ አንገቱን ቀበረው።

ከሰዓት በኋላ ጉሬዛ ዕቃዋን ስትሸክፍ ነብሮ መጥቶ አንገቱን ሰጣት። መርፌው ገባ፤ ወጣ። ከቁንጫ ንክሻ አይበልጥም ነበር።

«ይኸው ነው?» አለ።

«ይኸው ነው» አለችና ቀይ ክር ልታስርለት እጇን ዘረጋች።

«ክሩ ይቅር» አለ ነብሮ፤ የራሱንም በጥሶ ጣለው።

ከዚህ የምንማረው የተከተበ ለመምሰል የሚደክም ፈሪ አባት ከመርፌው ቢያመልጥም፣ ዋጋውን የሚከፍልለት ያልፈራው ልጁ መሆኑን ነው።