የማን አለኝ ባለቤት

በአንድ ወቅት፣ ሚስታቸው ሞታ፣ ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ጎጆ ወጥተው የተረሱ አቶ አሰጋኸኝ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ውሻቸውን «ማን አለኝ» አሉት። መቼስ በእኛ አገር በውሻ ስም የማይወረወር ነገር የለም። ወንዶቹ ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ። ሴቷ ልጃቸው ዘርፌ ግን ከቤት አልወጣችም። አባቷንም ውሻውንም ስታበላና ስታጥብ ጉልበቷ አለቀ።

ሽማግሌው በመጨረሻ ሲያጣጥሩ «ማን አለኝ… አደራ» ብለው አረፉ። ውሻውን አደራ ማለታቸው ነው ወይስ ሰው የለኝም ማለታቸው? ዘርፌ ውሃ ልታጠጣቸው ኩባያውን እንደያዘች ቀረች። እሷ እያለች!

ብዙም ሳይቆይ ማን አለኝ ሆዱ አበጠ፤ እህል አልቀምስ አለ። ልጆቹ ተጠራሩ።

ታላቁ ደምሰው ለሐኪም የሚከፍለው ቢያጣ፣ ለልጆቹ ለፋሲካ ያደለበውን በግ ገበያ ነዳው። «ፋሲካ በየዓመቱ ይመጣል» አለ።

ታናሹ ጌትነት ባጃጆቹ «ውሻ አንጭንም» ቢሉት፣ በአባቱ ጋቢ አዝሎት ዳገቱን ወጣ። መንገደኛው «እንኳን ማርያም ማረችህ!» እያለ ሳቀበት።

ዘርፌ ስትጠርገውና ስታገላብጠው የሰነበተች ናት፤ ከኋላ ከኋላ አዘገመች።

የእንስሳት ሐኪሙ ሆዱን ዳሰሰ። «እባጭ አለው። ኦፕራሲዮን ላደርገው እችላለሁ፤ ከተረፈ ግን ብዙ ማስታመም ይፈልጋል። አለዚያ በመርፌ ማሳረፍ ነው። ተማከሩ» ብሎ ውሻውን ይዞ ገባ።

«ኦፕራሲዮን ይሁን» አለ ደምሰው። «በጌን የሸጥኩት ልቀብረው አይደለም።»

«ለምን ይሰቃያል?» አለ ጌትነት። «ልመልሰውና አባባ ደጅ ላይ ይሙት።»

«በመርፌ ይረፍ» አለች ዘርፌ። «እናንተ ነገ ወደየቤታችሁ ናችሁ፤ ማስታመሙ የኔ ነው። ደከመኝ፣ ወንድሞቼ። በጣም ደከመኝ።»

«አደራ በላ!» አላት ደምሰው።

«አባባ ማን አለኝ ያሉት እኔ አጠገባቸው ሆኜ ነው!» አለች፤ እንባዋ መጣ።

በሩ ተከፈተ። «የማን አለኝ ባለቤት ማን ነው? አንድ ሰው ይግባና ይወስን» አለ ሐኪሙ።

ከውስጥ ውሻው አለቀሰ፤ ሲርበው ዘርፌን እንደሚጠራት አድርጎ። ሦስቱም ብድግ አሉ።

ፍረዱ እንግዲህ። በጉን የሸጠው ይግባ? አዝሎ ዳገት የወጣው? ወይስ ደክሟት ይረፍ ያለችው? ማን አለኝ ማን አለው?