ዘይቱ ሙሉ ነበር

አንድ ይመር የሚባል ሹፌር ነበር። ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት አገር፣ በወረዳ ከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ ገበያዎች መካከል ሰው የሚያመላልስበት አሮጌ መኪና ነበረው። ልጆቹን ያሳደገው፣ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰው በዚህች መኪና ነው። ስለዚህ ይሳሳላታል። ጠዋት መስታወቷን ሳይወለውልና ዘይቷን ሳያይ ከግቢ አይወጣም።

ከጊዜ በኋላ ሞተሩ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ሰው በጥፍሩ ጣሳ ሲመታ የሚሰማውን ዓይነት ቀጭን ድምፅ ነው። ይመር ኮፈኑን ከፍቶ አየ። የዘይት መለኪያውን መዘዘ፤ ዘይቱ ሙሉ ነው። ውሃውንም አየ፤ ሙሉ ነው። "እንግዲህ እርጅና ነው" ብሎ ኮፈኑን ዘጋ። ከዚያ ወዲያ ጠቅታው ሲመጣ ቴፑን ከፍ ማድረግ ልማዱ ሆነ።

ባለቤቱ ዘነቡም በዚያው ሰሞን "ማጅራቴን ይይዘኛል፤ ጆሮዬ ውስጥ ይጮኽብኛል" ትል ነበር። ይመር ክፉ ባል አልነበረም። ቤቱ እህል ጎድሎበት አያውቅም፤ ለበዓል ልብስ ሳይገዛላት ቀርቶ አያውቅም። ግን ሕመሟን ስትነግረው "አይዞሽ፣ እርጅና ነው። እኔስ ወገቤ መች ተወኝ?" ይላትና ወደ ሥራው ይሄዳል። እሷም እየቆየች መናገሩን ቀነሰች።

አንድ እሑድ ባልና ሚስቱ ወደ እህቷ ልጅ ሠርግ ተነሱ። ሠርጉ ከትልቁ ዳገት ማዶ ነው። ዳገቱ በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን ቋጥኝ ነው፤ መኪና መሀሉ ላይ ከቆመ ወደ ኋላ ከመንሸራተት በቀር መሄጃ የለውም። ይመር ቴፑን ከፍቶ እያንጎራጎረ ሲነዳ፣ ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ዘነቡ እጇን ዘርግታ ቴፑን ዘጋችው።

"ይመር፣ አቁም።"

"ምን ሆንሽ?"

"እኔ ምንም አልሆንኩ። ሞተሩ ነው። የዛሬው ድምፅ ሌላ ነው።"

"ያው የለመድነው ነው እኮ! ሠርጉ ይለፈን ነው የምትይው?"

"ይለፈን። እንዲህ እያለ ይህን ዳገት አልወጣም። እምቢ ካልክ እኔን እዚሁ አውርደኝ።"

ይመር ተናደደ። ግን ሰው በተሰበሰበበት መንገድ ዳር ሚስቱን አውርዶ መሄድ አልሆነለትም። እያጉረመረመ እዚያው ዳገቱ ሥር ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ መካኒክ ጋራዥ በር ላይ አቆመ።

ጋሽ እንድሪስ ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ጥያቄ ጀመሩ።

"ድምፁ ሞተሩ ሲነሳ ጀምሮ ነው ወይስ ሲሞቅ?"

"ሁልጊዜ ነው መሰለኝ" አለ ይመር።

"ቆሞ ነው የሚብሰው ወይስ ሲሮጥ?"

ይመር አንገቱን አከከ። ለካ ቴፑ ስር ተደብቆ ሲሄድ የከረመውን ድምፅ ጠባይ አያውቀውም። ያን ጊዜ ዘነቡ ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ ፊት ጠጋ አለች።

"ገበያ ስሄድ እሰማዋለሁ፤ ጠዋት ሲነሳ ዝም ይላል ጋሼ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነው የሚጀምረው። ሰው ለማውረድ ሲቆም ይጎላል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ይፈጥናል። ዛሬ ግን ሜዳ ላይም አልቆመም።"

"አሃ! ታዲያ ሹፌሯ አንቺ ነሽ በይኛ" ብለው ጋሽ እንድሪስ ሳቁ።

ከዚያ ረጅም ካቻቢቴ አነሡ። ሞተሩ እንደተነሣ ጫፉን ከላይኛው ክዳን ላይ አሳረፉ፤ እጀታውን ጆሮአቸው ላይ ደገፉና ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ወደ ጎን ወሰዱት፤ ወደ ታች ወሰዱት፤ እንደገና ወደ ላይ መለሱት። "አጥፋው" አሉ። የላይኛውን ክዳን ሲከፍቱት በዘይት መራስ የነበረበት ብረት ደርቋል።

ይመር ደነገጠ። "ዘይቱ እኮ ሙሉ ነው! ጠዋት በዓይኔ አይቼዋለሁ።"

"ሙሉ ነው፤ አልዋሸህም" አሉት ጋሽ እንድሪስ። "ግን መሙላትና መድረስ አንድ አይደለም።"

ከሥር ገብተው ዘይቱ የሚጠራቀምበትን ኮፓ ሲያወርዱ ነገሩ ተገኘ። ዘይቱን ወደ ላይ የሚስበው ወንፊት በጥቁር ዝቃጭ ተደፍኗል። ለይመር አሳዩት።

"ዘይት ከታች ነው ተገፍቶ የሚወጣው። እነዚህ ከላይ ያሉት መጨረሻ ነው የሚደርሳቸው፤ ሲጎድል ግን ቀድመው የሚጮኹት እነሱ ናቸው። የታችኛው ብረት እስኪጮህ ብትጠብቅ ኖሮ፣ ዳገቱ መሀል ሞተሩ ተጣብቆ ቀጥ ይልብህ ነበር።"

ይመር ቀና ብሎ ዳገቱን አየ፤ ከዚያ ገደሉን አየ። አጠገቡ ካለ ጎማ ላይ ተቀመጠ። "እኔ እኮ እርጅና ነው ብዬ…" አለ።

"እርጅና ዝም ብሎ ነው የሚመጣው ልጄ። የሚጮኽ ነገር ካለ፣ ያልደረሰው ነገር አለ።"

ወንፊቱ ታጥቦ፣ አዲስ ዘይት ገብቶ ሞተሩ ሲነሣ ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ነበር። ጠቅታው የለም። ይመር የጋሽ እንድሪስን ትከሻ እየሳመ ምርቃት ሲያዥጎደጉድ እሳቸው ወደ ዘነቡ ጠቆሙት። "እኔ የፈታሁት ብሎን ብቻ ነው። የሰማችልህን አመስግን።"

ቢመሽም ወደ ሠርጉ ዳገቱን ሲወጡ ይመር ቴፑን አልከፈተም። ብዙ ከሄዱ በኋላ ጠየቃት።

"ዘነቡ… ማጅራቴን ትዪ ነበር። መቼ ነው የሚይዝሽ? ጠዋት ነው ወይስ ስትደክሚ?"

ዘነቡ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

"ዛሬ ገና ጠየቅኸኝ" አለች፤ ሁሉንም ነገረችው። እሱም ሳያቋርጥ ሰማት።

በማግስቱ ከሠርጉ ሲመለሱ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ነርሷ የደም ግፊቷን ለካች፤ እንደገና ለካች። "እንኳን ዛሬ አመጣሃት። በዚህ አያያዝ ብትቆይ ኖሮ አንድ ቀን ድንገት ትወድቅብህ ነበር" አለችው። መድኃኒት ተጀመረላት፤ ጨው ቀነሰች፤ ውላ አድራ ፊቷ ተመለሰ፣ እንቅልፏም ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ይመር ማታ ማታ ሲጸልይ አንድ ምስጋና ጨመረ ይባላል። "ጌታ ሆይ፣ ዝም ብሎ ከሚሰበር ነገር ስለጠበቅኸኝ፣ እየጮኸ የሚያስጠነቅቀኝን ስለሰጠኸኝ ተመስገን" ይላል። ዘነቡም ከጎኑ ሆና "አሜን" ትላለች።

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችን ቤታችን ሙሉ ስለሆነ ብቻ ለሁሉም የደረሰ ይመስለናል። ስለዚህ የሚያጉረመርመውን ሰው ነዝናዛ እንለዋለን፤ እንዳንሰማውም የራሳችንን ድምፅ ከፍ እናደርጋለን። ነገር ግን ቀድሞ የሚጮኸው ብዙ ጊዜ መጨረሻ የሚደርሰው ነው። የሚነግረን ሰው ገና ተስፋ ያልቆረጠብን ሰው ነውና ምስጋና እንጂ ቁጣ አይገባውም።

እስቲ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ጆሮ ስጡ። ደጋግሞ እየነገራችሁ "የለመድነው ነው" ብላችሁ ያለፋችሁት ማን አለ?