ያልተሸጠው አጠና

አንድ ሰው ነበረ፤ ሙያው አናጢነት። ደርበው፣ ጥያቄህን ሰምቻለሁ፤ መልሱ የትም አይሄድም፣ መጀመሪያ ይህን ሰውዬ ላስተዋውቅህ።

አናጢው በጓሮው አንድ ቁልል ጣውላና ሁለት መቶ ያህል አጠና ነበረው። ሶሌታ፣ ማለት የፎቅ ወለል፣ ሲሞላ አርማታው እስኪጠነክር ከሥር ተሸክመው የሚያቆሙት እነዚህ ናቸው። ለግንበኞች እያከራየ ልጆቹን ያስተምርበታል። በአንድ ነገር ደግሞ ግትር ነበር፤ ቀኑ ሳይሞላ ድጋፍ አያነሳም። የሕንፃው ባለቤት ቢቆጣ፣ ፎርማኑ ቢለማመጥ፣ አርማታው ላዩ ቢደርቅም ልቡ ገና እርጥብ ነው ብሎ እንቢ ይላል።

ዘመኑ የግንባታ ሆነና ፎቅ በየሰፈሩ እንደ አሸን ፈላ። ፌሮ ጠፋ፤ ሲሚንቶ በወረፋ ሆነ። አናጢው ቀደም ብሎ ከአንድ ብረት ፋብሪካ ጥቂት አክሲዮን ገዝቶ ነበርና፣ የመጀመሪያው ትርፍ እጁ ሲገባ ልቡ ተነሣ። አይፈረድበትም፣ ማን ይጠግባል? ፋብሪካው አዲስ አክሲዮን ሲያወጣ አጠናውንም ጣውላውንም ጠቅልሎ ሸጦ ሊገዛበት ቆረጠ። ገዥ አገኘ፤ የጭነት መኪናውም በር ላይ ቆመ።

ይሄኔ ሚስቱ ከቤት ወጣችና የጣውላው ቁልል ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም።

«የሰው ቤት እርጥብ እያለ ድጋፉን አታነሳም» አለችው። «የእኛ ቤት መቼ ደረቀና ነው?»

አናጢው አፈረ፤ ተናደደም። ገዥው ቢጠብቅ ቢጠብቅ አልነሣ ስትል ባዶ መኪናውን አዙሮ ሄደ። ጎረቤቶቹ ያላቸውን እየሸጡ አክሲዮን ሲገዙ ሲያይ አናጢው አንድ ወር ሙሉ ፊቱን ከሚስቱ አዙሮ በላ።

ዓመት ሳይሞላ ግንባታው ቀዘቀዘ። ጅምር ፎቆች ፌሯቸውን እንደቀሰሩ ቀሩ፤ ፋብሪካውም ትርፍ ማከፋፈሉን አቆመ። ሁሉን ሸጠው የገዙት ሰዎች ለቀለብ ሲሉ አክሲዮናቸውን በርካሽ ለቀቁት። አናጢውም ጋ የሚመጣ ግንበኛ ጠፋ። አንድ ቀን ግን የእድር ዳኛው ዳስ መትከያ ፈልገው መጡ፤ በሳምንቱ ደግሞ ሰርገኛ መጣ። ሰው ቤት መሥራት ቢተው ማግባትና መሞት አይተውም! አጠናው ዳስ፣ ጣውላው መቀመጫ ሆነና ልጆቹ ከትምህርት ሳይቀሩ ክፉው ቀን አለፈ። ችግር ስላልገፋው ያችን ጥቂት አክሲዮን አልሸጣትም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግንባታው ሲያንሰራራ ትርፏ መጣች።

ትርፏ በመጣች ዕለት ሚስቱ ያኔ የተቀመጠችበትን ጣውላ መርጦ አወጣና ልጎ አግዳሚ ሠራላት። «እግዜር ይስጥልኝ፤ በዚያን ቀን ጠልቼሽ ነበር» አላት። ያ ጣውላ ዳግመኛ ለማንም አልተከራየም።

አንተም ደርበው፣ የስፌት መኪናዬን ሸጬ የብረት ፋብሪካ አክሲዮን ልግዛ ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። አክሲዮኑ ክፉ አይደለም፤ ከስፌቱ በተረፈህ ግዛ። የስፌት መኪናህ ግን አጠናህ ናት፤ ጎጆህም ገና አልደረቀችም። እናቴ መኪናውን በጋቢ ሸፍና አላስነካ አለችኝ ብለህ ከሰስሃት አይደል? በል ተነሥ፣ ሂድና ጉልበቷን ሳም። አናጢው ለዓመታት ያዘገየውን ምስጋና አንተ ዛሬውኑ አድርስ።