አምስት ያልሞላው መንደር

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ። የዚህ ተረት ባለቤት ላም የላትም፤ ያላት አንድ ባዶ ጀሪካንና አንዲት የታመመች ልጅ ናቸው። ሴትዮዋ ይመኙሻል ትባላለች፤ አገሯ ሸንቆ ነው። በሸንቆ ከብቱም ሰውም የሚጠጣው ከአንድ ወንዝ ነው። ሐምሌ ላይ ወንድ ልጇ አዝመራው ሆዱን አሞት በሦስተኛው ቀን ሞተ። ታኅሣሥ ሲገባ ደግሞ ታናሽ እህቱን እንጉዳይን ያው ሕመም ያዛት። የወንዙ ማዶ ጤና ኬላ ባለሙያ መድኃኒት ሰጥታ፣ «ንጹሕ ውሃ አጠጫት፤ የወንዙን ካጠጣሻት ይመለስባታል» አለቻት። ይመኙሻል እያፈላች አጠጣቻት፤ ግን ማገዶ በሌለበት አገር ይህ እስከ መቼ ይዘልቃል? ጓሮዋ ወጥታ ምድርን፣ «ውሃ ስጭኝ» አለቻት። ምድርም፣ «ካልቆፈሩኝ አልሰጥም» አለች።

ምድር ውሃ አልሰጥ አለች፣ እንጉዳይ ተጠማች።

ይመኙሻል ልጇን አዝላ እስከ ወረዳው ከተማ ድረስ ግማሽ ቀን ሄደች። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ የጉድጓድ መቆፈሪያ መኪና ቆሟል፤ ሾፌሩ ግዛው ጥላው ሥር ተቀምጧል።

«አያ ግዛው፣ ባክህ መኪናህን አስነሳልኝ» አለችው።

«እኔስ ደስ ባለኝ፣ እቴ። የተፈረመ ደብዳቤ ከሌለ ግን ይህ መኪና ከበሩ አይወጣም።»

መኪናው አልሄድ አለ፣ ምድር ውሃ አልሰጥ አለች፣ እንጉዳይ ተጠማች።

ወደ ኃላፊው ወደ አቶ ስማቸው ገባች። አቶ ስማቸው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑማ በሆዷ ረግማቸው ይወጣላት ነበር። ወንበር ሰጥተው አስቀመጧት፣ ልጅቷን አይተው አዘኑ፣ እስክሪብቷቸውን ግን ከኪሳቸው አላወጡም።

«ሸንቆ ጉድጓድ የሚቆፈርላቸው ዝርዝር ላይ የለችም፣ እናቴ። እዚያ ላይ ለሌለ መንደር ብፈርም ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ዝርዝሩ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ይመኙሻል ማንበብ አትችልም፤ ቢሆንም ፊቱ ቆማ ለመነችው። ወረቀቱ አፍ ቢኖረው፣ «የሚያጣራልኝ ወንፊት ያላሳለፈልኝን ከየት አምጥቼ ልጻፍ?» ባላት ነበር።

ዝርዝሩ አልጽፍ አለ፣ ኃላፊው አልፈርም አሉ፣ መኪናው አልሄድ አለ፣ ምድር ውሃ አልሰጥ አለች፣ እንጉዳይ ተጠማች።

አቶ ስማቸው፣ «ዝርዝሩ የሚጣራበት ወንፊት ያለው ጤና ጽሕፈት ቤት ነው» ብለው ላኳት። እዚያ ቢያድግልኝ የሚባል የመረጃ ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሯል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ትልቅ ሰንጠረዥ አለ፤ እያንዳንዱ ረድፍ በዚያ ዓመት ከውሃ በመጣ በሽታ የሞተ አንድ ሕፃን ነው። ቢያድግልኝ ሰንጠረዡን በጽሑፍ ይጠይቀዋል፣ ሰንጠረዡም ይመልስለታል።

«ግሩፕ ባይ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ረድፎቹን በቡድን በቡድን ያደርጋቸዋል» አላት። «ከዚያ ይቆጠራሉ። ከተቆጠሩ በኋላ ሃቪንግ የሚባለው ይመጣል፤ ወንፊቱ እሱ ነው። አምስትና ከዚያ በላይ የሆነውን ቡድን ያሳልፋል፣ ሌላውን ይጥላል። አምስት ይሁን ያለው ዞኑ ነው፣ እትዬ፤ እኔ ልቀንሰው አልችልም።»

ወንፊቱ አላሳልፍ አለ፣ ዝርዝሩ አልጽፍ አለ፣ ኃላፊው አልፈርም አሉ፣ መኪናው አልሄድ አለ፣ ምድር ውሃ አልሰጥ አለች፣ እንጉዳይ ተጠማች።

«የእኛስ ስንት ሆነ?» አለች ይመኙሻል።

«ቡድኑ የተሠራው ልጆቹ በታከሙበት ጤና ኬላ ነው። በእናንተ በኩል ሁለት ጤና ኬላ አለ። የዳገቱ ሦስት፣ የማዶው አራት። ሁለቱም ወደቁ። ማዶው እንኳ አንድ ብቻ ነው የጎደለው።»

«አንድ ምን?»

ቢያድግልኝ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ዓይኑ ጀርባዋ ላይ ያንቀላፋችው ልጅ ላይ አረፈና ተመልሶ ኮምፒውተሩ ላይ አቀረቀረ። ይመኙሻልም ገባት። አንቀልባዋን ፈትታ እንጉዳይን ከጀርባዋ ወደ ደረቷ አዞረች። አዝመራውን ስትቀብር እንኳ እንዲህ አልፈራችም።

ቡድኑ አምስት አልሞላ አለ፣ ወንፊቱ አላሳልፍ አለ፣ ዝርዝሩ አልጽፍ አለ፣ ኃላፊው አልፈርም አሉ፣ መኪናው አልሄድ አለ፣ ምድር ውሃ አልሰጥ አለች፣ እንጉዳይ ተጠማች።

«አያ ቢያድግልኝ፣ አራቱ እነማን ናቸው? ሦስቱስ?»

«እሱን ቡድኑ አይነግረኝም። ቡድን ቁጥር እንጂ ስም የለውም።»

«እንግዲያው እኔ ልንገርህ» አለች። «በበጋ ወንዙ ሲጎድል ማዶ ተሻግረን እናሳክማለን። በክረምት ሲሞላ መሻገሪያ የለም፤ ዳገቱን እንወጣለን። ልጅ የትም ይታከም፣ የትም ይሙት፣ ተሸክመን አምጥተን የምንቀብረው ሸንቆ ማርያም ነው። ሰው በአገሩ አፈር ነው የሚቀበር። ሰባት ትንንሽ መቃብር አለን፤ የሰባቱም ቀብር ላይ ቆሜያለሁ። ሦስትና አራት ያላችኋቸው እናንተ ናችሁ። እኛ ዘንድ ጎን ለጎን ነው የተኙት።»

ቢያድግልኝ አንገቱን ደፋ። ሰንጠረዡ ውስጥ የመኖሪያ መንደር የሚል ዓምድ ነበረ፤ ከመጀመሪያውም ነበረ፤ እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቆት አያውቅም። ወንፊቱን አልነካም። ከግሩፕ ባይ ቀጥሎ ያለውን ጤና ኬላ የሚለውን ቃል አጠፋና መንደር ብሎ ጻፈ። ከዚያ ኮምፒውተሩን እንደገና ጠየቀው።

«ሸንቆ፣ ሰባት» አለ ቀስ ብሎ።

ይመኙሻል ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ልጇ በሞተ በአምስት ወሩ፣ ሰው ሆኖ ሲቆጠር የሰማችው ገና ያን ቀን ነው። ደስ ይበላት ወይስ ታልቅስ ጠፋባት፤ ኋላ አለቀሰች። ቢያድግልኝም አብሯት አለቀሰ፣ እያለቀሰም አዲሱን ዝርዝር አተመ።

ከዚህ በኋላማ ምን ቀረ? ቡድኑ ሞላ፣ ወንፊቱ አሳለፈ፣ ዝርዝሩ ጻፈ፣ ኃላፊው ፈረሙ፣ መኪናው ሄደ፣ ምድር ተቆፈረች። መንደርተኛው ለእንጉዳይ ውሃ ማፍያ ማገዶ እያዋጣ ሰነበተ። በአሥራ አንደኛው ቀን ምድርም ውሃዋን ሰጠች።

ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ተሰለፈ። የዕድሩ ዳኛ፣ «እነዚያ ሰባት እናቶች ይቅደሙ» አሉ፤ ማንም አልተከራከረም፣ ሰባቱም ወደ ፊት ወጡ። ይመኙሻል ቀዳች። እንጉዳይ በሁለት እጇ ጣሳውን ይዛ ጠጣች፣ ጠግባም ተነፈሰች፤ ልጅቷ ተረፈች። እናቷም ለራሷ ቀድታ ጣሳውን ወደ አፏ አነሣች፤ አዝመራው ያልደረሰበት ውሃ ግን አልዋጥ አላት። ውሃውን ለጎረቤቷ ሰጥታ ጀሪካኗን አዝላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ተረቴን ስትመልሱልኝ አፌን በዳቦ አታብሱ፤ አንድ ጣሳ ውሃ ይበቃኛል።